በሁለት አክሽኖች መካከል የውስጥ ዳታን ማሻገር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ?

ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ራቅ ብሎ በደቅ ደሴት ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ለሚሄዱ ጎብኚዎች ጀልባ የሚያስይዝ አንድ የድር መተግበሪያ እንውሰድ። ጎብኚው መድረሻውን፣ ቀኑንና የሰዉን ብዛት ይሞላል። «አስላ» የተባለው አክሽን (ከብሮውዘር ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የኮድ ክፍል) ዋጋውን ያወጣል፤ ጎብኚዎቹ ነዋሪ ወይም የውጭ ዜጋ መሆናቸውን ይለያል፤ ሴቶች ያሉበት ቡድን ሴቶች ወደማይገቡበት ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም እንዳይመዘገብ ያጣራል፤ ጀልባም ይመድባል። ይህን ከጨረሰ በኋላ ጎብኚውን «አረጋግጥ» ወደተባለው ሁለተኛ አክሽን ይልከዋል። የወጣው ዋጋ፣ የተፈቀደው ቅናሽ፣ የተመደበው ጀልባና የማጣሪያው ውጤት ከመጀመሪያው አክሽን ወደ ሁለተኛው በምን ይሻገራሉ? እያንዳንዱ ፍሬምወርክ (የድር መተግበሪያ የሚሠራበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ለዚህ ሁለት ሦስት መልስ ያቀርባል፤ ሁሉም በአንድ መስመር ኮድ ስለሚሠሩና በሙከራ ጊዜ እኩል ጥሩ ስለሚመስሉ፣ ጀማሪ ፕሮግራመር ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው መጀመሪያ ያገኘውን ነው።

መደናገሩ የሚመነጨው ከሪዳይሬክት ነው። ኮዱን ለሚያነብ ሰው አንዱ አክሽን ሌላውን የጠራው ይመስለዋል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ የ302 ወይም የ303 ምላሽ ሰጥቶ «ወደዚህ አድራሻ ሂድ» ይለዋል፣ ብሮውዘሩም አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የቀደመውን ጥያቄ አያስታውስም። ስለዚህ የሚሻገረው ነገር ወይ ሰርቨሩ ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ወይ በተጠቃሚው እጅ ሄዶ ይመለሳል። ዋጋን ያለ ማኅተም በተጠቃሚው እጅ መላክ ደግሞ ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው።

መመዘኛዎቹ

መንገዶቹን ከማየታችን በፊት የምንመዝንባቸውን ጥያቄዎች እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ተጠቃሚው ዳታውን ሊለውጠው ይችላል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ሊያነበው ይችላል ወይ የሚል ሲሆን፣ ይህ ከመጀመሪያው የተለየ መሆኑን አጥብቄ እናገራለሁ፤ የማይለወጥ ነገር ሁሉ የማይነበብ አይደለም፣ ብዙ ስሕተትም የሚወለደው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ሦስተኛው፣ ዳታው ሳይለወጥ እንዳለ ቢቀመጥ ነገ ወይም በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል ወይ? አራተኛው፣ ተጠቃሚው ሁለት ታብ ቢከፍት፣ ገጹን ቢያድስ ወይም ወደ ኋላ ቢመለስ ምን ይሆናል? አምስተኛው፣ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ጠፍቶ ዳግም ቢነሣ ወይም ሥራው በሁለት ሰርቨር ቢከፈል ዳታው ይተርፋል ወይ? የመጨረሻው ወጪ ነው፤ ወጪ ስል የሆስቲንግ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ኮዱን የሚጠብቀውን ሰው ጊዜም እቆጥራለሁ።

ጭራሽ ላለማሻገር

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ በእርግጥ ሁለት የብሮውዘር ጥያቄ ያስፈልገናል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው አክሽን የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ያሰላውን ለመጠቀም ብቻ ከሆነና ተጠቃሚው በመካከል የሚወስነው ነገር ከሌለ፣ የጋራውን ሥራ ወደ አንድ ተራ ሜተድ ወይም ወደ ሰርቪስ ክላስ አውጥቶ በቀጥታ መጥራት ነው። ዳታው ከሰርቨሩ ሜሞሪ ሳይወጣ ሥራው ያልቃል፤ የሚጠበቅ በር አይኖርም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በማይክሮሶፍቱ ፍሬምወርክ በኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ ውስጥ ኮንትሮለር (አክሽኖችን የሚይዝ ክላስ) ላይ ያለ ፐብሊክ ሜተድ ሁሉ በነባሪው፣ ማለትም ሌላ ካልታዘዘ፣ አክሽን ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ «ለውስጥ ብቻ» ብለን የጻፍነውን ሜተድ ማንም አድራሻውን ጽፎ ሊጠራው ይችል ይሆናል። ፕራይቬት ማድረግ ወይም አክሽን እንዳልሆነ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ራውቱ፣ ማለትም የትኛው አድራሻ የትኛውን አክሽን እንደሚጠራ፣ በግልጽ በሚጻፍባቸው እንደ ላራቬልና ጃንጎ ባሉት ፍሬምወርኮች ይህ ችግር እምብዛም አያጋጥምም።

ሌላም ቀላል መውጫ አለ፤ ውጤቱን ትቶ ግብአቱን ማሻገር። መድረሻ፣ ቀንና የሰው ብዛት ምስጢር አይደሉም፤ ተጠቃሚው ራሱ የሞላቸው ናቸው፤ ቢለውጣቸውም የለወጠው የራሱን ምርጫ ነው። «አረጋግጥ» እነሱን ተቀብሎ ዋጋውን እንደገና ያሰላ፣ ማጣሪያውንም እንደገና ያሂድ። ስሌቱ ቀላል እስከሆነ ድረስ ይህን አስቀድሜ እመርጣለሁ። የማይበቃው ውጤቱ በሁለተኛው ጊዜ ሊለይ ሲችል ነው፦ ጀልባው በመካከል ለሌላ ሰው ሲያዝ፣ ወይም ቅናሹን የፈቀደ ኃላፊ ሲኖር።

ዩአርኤልና ስውር የፎርም ቦታ

ዋጋውን ወይም «ተጣርቷል» የሚለውን ምልክት በዩአርኤል መጨረሻ ላይ ለጥፎ መላክ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መመዘኛዎች ሁሉ ይወድቃል። ተጠቃሚው ያየዋል፣ ይለውጠዋል፣ ለጓደኛው በቴሌግራም ይልከዋል፤ በብሮውዘሩ ታሪክና በሰርቨሩ ሎግ ውስጥም ተመዝግቦ ይቀራል። ዩአርኤል ለገጽ ቁጥር፣ ለፍለጋ ቃልና ለመሳሰሉት ግልጽ ነገሮች ተገቢ ቦታ ነው፤ ከዚያ አይለፍ።

ሂደን ፊልድ የሚባለው የፎርም ስውር ቦታ በስሙ ያታልላል። እኔንም አታሎኛል። የመጀመሪያውን የጀልባ ማስያዣ ስሠራ ጠቅላላ ዋጋውን በዚህ ቦታ አስቀምጬ ነበር፤ ዓይን ስለማያየው እጅም የማይነካው መሰለኝ። አንድ ተማሪ ከፊቴ ተቀምጦ በገጹ ላይ ቀኝ ክሊክ አደረገ፣ የብሮውዘሩን የመመርመሪያ መስኮት ከፈተ፣ 2500 የሚለውን 25 አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። ሲስተሙ ያለ አንዳች ቅሬታ የ25 ብር ደረሰኝ አወጣለት። ስውር ቦታ ከዩአርኤል የሚሻለው በሎግና በታሪክ ውስጥ አለመቅረቱ ብቻ ነው።

ፍላሽና ቴምፕዳታ

ቀጣዩን የብሮውዘር ጥያቄ ጠብቆ አንዴ ሲነበብ የሚጠፋ ማስቀመጫ በብዙ ፍሬምወርኮች አለ፤ ላራቬልና ሬይልስ ፍላሽ ይሉታል፣ ኤስፒ ዶት ኔት ቴምፕዳታ ይለዋል፣ ስፕሪንግ ፍላሽ አትሪቢዩት ይለዋል። የተፈጠረው «ምዝገባዎ ተሳክቷል» ለሚል ዓይነት መልእክት ነው፤ ለዚያ ሥራም የሚተካከለው የለም።

ከመጠቀም በፊት ግን ከበስተጀርባው የት እንደሚያስቀምጥ መታወቅ አለበት። ቴምፕዳታ በቀድሞው ኤምቪሲ በሴሽን (ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሚያዝ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ላይ ይመሠረት ነበር፤ ከኤስፒ ዶት ኔት ኮር 2.0 ጀምሮ ግን በነባሪው በተመሰጠረ ኩኪ (ብሮውዘሩ ይዞ ከጥያቄዎቹ ጋር በሚልከው ትንሽ ዳታ) ውስጥ ይሄዳል። ስፕሪንግን የሚጠቀም ሰው ደግሞ በስም የሚቀራረቡ ሁለት ሜተዶችን እንዳያምታታ ይጠንቀቅ፦ አንደኛው ዳታውን በሰርቨሩ ያቆያል፣ ሁለተኛው ግን በዩአርኤሉ ላይ ይለጥፈዋል። በኮዱ ላይ ልዩነታቸው አንድ ቃል ነው።

የፍላሽ ድክመት አንዴ ሲነበብ መጥፋቱ ነው፤ ለመልእክት በጎ የሆነው ይህ ጠባይ ለማስያዣ ጠንቅ ይሆናል። ኔትወርኩ ዘገም ሲል ጎብኚው ገጹን ያድሳል፤ ሲያድስ ዳታው የለም፤ «አረጋግጥ» ባዶ ገጽ ወይም ስሕተት ያሳያል። ቴምፕዳታን ሳያጠፉ የሚያነቡበት መንገድ አለ፤ ሆኖም ያንን መጠቀም ስንጀምር በእጃችን ያለው ተራ ሴሽን ሆኗል ማለት ነው።

ሴሽን

ሴሽን በሰርቨር ላይ ሲቀመጥ በተጠቃሚው እጅ የሚሄደው መለያው ብቻ ነው። ዳታውን አያነበውም፣ አይለውጠውም። ለዚህም ነው ብዙ መማሪያ ወደ ሴሽን የሚመራው። ኩኪው ጃቫስክሪፕት እንዳያነበውና በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲሄድ ከተደረገ፣ ተጠቃሚው ሲገባም መለያው ከተቀየረ፣ ከደኅንነት አንጻር ጥሩ ነው። ሁሉም ሴሽን ግን በሰርቨር ላይ አይቀመጥም። ፍላስክ የተባለው ፍሬምወርክ በነባሪው ሴሽኑን በሙሉ በኩኪ ውስጥ ፈርሞ ይልካል፤ አይመሰጥረውም። ተጠቃሚው ሊለውጠው አይችልም፣ ሊያነበው ግን ይችላል። የውስጥ ማስታወሻ ወይም የአስጎብኚውን ድርሻ እዚያ ያስቀመጠ ሰው ለደንበኛው አሳይቶታል።

የሴሽን ትልቁ እንከን ከሁለት ታብ ጋር ይመጣል። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ እኅት በአንድ ኮምፒውተር ለብዙ እንግዶች ጀልባ ትይዝ ነበር። በአንዱ ታብ ወደ ዘጌ ለሚሄድ ቤተሰብ ከፍታ ዋጋውን እያስረዳች ሳለ፣ ሌሎች እንግዶች ቸኩለው ስለመጡ በሌላ ታብ የናርጋ ሥላሴን ጉዞ ጀመረችላቸው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ታብ ተመልሳ «አረጋግጥ»ን ተጫነች። ገጹ ላይ የሚታየው ዘጌ ነበር፤ በሴሽኑ ውስጥ ያለው «የአሁኑ ማስያዣ» ግን በናርጋ ተተክቷል። በማግሥቱ ጠዋት ቤተሰቡ ሕፃናቱን ይዞ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ ወደብ ሲወርድ፣ የጀልባው ካፒቴን የያዘው ወረቀት ሙሉ ቀን ወደሚወስደው ወደ ናርጋ የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝር ነበር። ያን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእርሷ አልነበረም። ሴሽን በአንድ ብሮውዘር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ስም የተቀመጠ ነገር ሁለት ሥራ አይሸከምም።

ዕድሜውም መታየት አለበት። ፒኤችፒ በነባሪው 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ፣ የቆየ ሴሽንን እንደ ቆሻሻ ሊጠርገው ይችላል፤ ላራቬል 120 ደቂቃ፣ ጃንጎ ሁለት ሳምንት ይሰጣል። በሜሞሪ ብቻ የተያዘ ሴሽን ሰርቨሩ ጠፍቶ ዳግም ሲነሣ ይጠፋል።

የተፈረመ ቶክን

እዚህ ዳታው ቶክን በሚባል የፊደላት ሰንሰለት ሆኖ በተጠቃሚው እጅ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ግን በምስጢር ቁልፉ አስልቶ ፊርማ ያትምበታል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ፊርማው አይገጥምም። የተለመደው ስልት ዳታውንና ቁልፉን አጣምሮ ፊርማ የሚያወጣው ኤችማክ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደረጃው የወጣው ጄደብሊውቲ የተባለው የቶክን ዓይነትም በብዛት በዚሁ ላይ ይቆማል። ጃንጎ የራሱ የፊርማ ሞጁል አለው፣ ላራቬል ጊዜ ያለው የተፈረመ ዩአርኤል ይሠራል። ሰርቨሩ ምንም ስለማያስቀምጥ ሁለት ሰርቨር ቢኖር፣ መብራት ቢሄድም ቶክኑ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ታብም የራሱን ስለሚይዝ የዘጌና የናርጋ ዓይነት መደበላለቅ አይደርስም።

ሆኖም ፊርማ ምስጠራ አይደለም። ቶክኑ ለዓይን የተመሰጠረ ይመስላል እንጂ የተጻፈው ቁልፍ በማያስፈልገው ቤዝ64 በተባለ አጻጻፍ ስለሆነ ማንም በሰከንድ ይፈታዋል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ መልሶ መጠቀም ነው። በትክክል የተፈረመ የቅናሽ ቶክን ነገም በትክክል የተፈረመ ነው፤ በጓደኛ እጅም እንዲሁ። ስለዚህ በቶክኑ ውስጥ ሦስት ነገሮች ከዳታው ጋር አብረው ይፈረሙ፦ ለማን እንደተሰጠ፣ ለየትኛው አክሽን እንደተሰጠና መቼ እንደሚያበቃ። ሁለተኛውን ብዙዎች ይረሱታል፤ ለኢሜይል ማረጋገጫ የተሰጠ ቶክን ለዋጋ ማረጋገጫ እንዳይሠራ የሚከለክለው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይሥራ የምንል ከሆነ ግን የተጠቀምንበትን መመዝገብ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ሰርቨሩ የሚያስቀምጠው ነገር ስለሚኖር የቶክኑ ዋና ጥቅም ይቀንሳል።

ጄደብሊውቲን የሚመርጥ ሰው የፊርማውን ስልት ከቶክኑ ራሱ እየተቀበለ እንዳያረጋግጥ ይጠንቀቅ። «ያለ ፊርማ» የሚል ስልት በደረጃው ውስጥ ስላለ፣ አንዳንድ የቀድሞ ላይብረሪዎች አጥቂው ያንን ሲጽፍላቸው ያለ ፊርማ ይቀበሉ ነበር። ስልቱን በኮዳችን ውስጥ ቆርጠን እናስቀምጠው። ቁልፉንም ከኮዱ ጋር በኮድ ማከማቻው በጊት ላይ አንጫነው፤ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ባልቆጥር ይሻላል።

የተመሰጠረ ኩኪ

ከፊርማ ጋር ምስጠራ ሲጨመር መነበቡም ይቀራል። ሬይልስ ከአራተኛው እትሙ ጀምሮ የኩኪ ሴሽኑን ይመሰጥራል፤ ላራቬልም ኩኪዎቹን በነባሪው ይመሰጥራል። የመልሶ መጠቀም ችግር እንዳለ ይቆያል፤ ኩኪ ለብሮውዘሩ ሁሉ አንድ በመሆኑም የሁለት ታቡ ችግር ይመለሳል። መጠኑም ከ4 ኪሎባይት ገደማ አይዘልም። ሁለት ሰርቨር ያለው ሰው ቁልፉን ለሁለቱም ካላጋራ አንዱ የመሰጠረውን ሌላው አይፈታውም፤ የዚህ ምልክቱ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚል የደንበኛ ስልክ ነው።

ረቂቅ መዝገብ በዳታቤዝ

የመጨረሻው መንገድ «አስላ» ያወጣውን ሁሉ በዳታቤዝ ውስጥ ረቂቅ አድርጎ መመዝገብና መለያውን ብቻ ማሻገር ነው። በዩአርኤሉ ላይ የሚታየው የረቂቁ መለያ ብቻ ይሆናል፤ ዋጋው፣ ቅናሹ፣ የፈቀደው ሰውና ጀልባው በእኛ ዘንድ ናቸው። ገንዘብ ላለበት ሥራ ሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሠንጠረዡ መለያ፣ ባለቤት፣ መድረሻ፣ ዋጋ፣ ሁኔታና የሚያበቃበት ሰዓት ይኖሩታል። መለያው ተከታታይ ቁጥር አይሁን፤ 41 ያየ ሰው 42ን መሞከሩ አይቀርም። 122 የዘፈቀደ ቢት ያለው፣ የአራተኛው ዓይነት ዩዩአይዲ የተባለው ረጅም መለያ ለግምት አይመችም። ይህ ግን የባለቤትነት ፍተሻን አይተካም፤ መለያው በስክሪን ፎቶ ወይም በተላከ ሊንክ ሊያመልጥ ይችላል። «አረጋግጥ» ረቂቁን ሲፈልግ «መለያው ይህ የሆነ» ብሎ ብቻ ሳይሆን «መለያው ይህ፣ ባለቤቱም አሁን የገባው ሰው የሆነ» ብሎ ይፈልግ። የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሥሩ አደጋዎች ዝርዝር የተሰበረ የመዳረሻ ቁጥጥር አንደኛ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ይህን ፍተሻ መርሳት ከዚያ ምድብ የሚገባ ነው።

ማረጋገጡም በአንድ ትእዛዝ ይፈጸም። መጀመሪያ አንብቦ፣ ሁኔታውን አይቶ፣ ከዚያ መጻፍ ለሁለት ፈጣን ክሊክ ክፍተት ይተዋል። ይልቅ ዳታቤዙን «ባለቤቱ ይህ፣ ሁኔታው ረቂቅ፣ ሰዓቱም ያላለፈ ከሆነ ወደ ተረጋገጠ ለውጥ» እንበለውና ስንት መስመር እንደለወጠ እንይ። አንድ ከሆነ ተሳክቷል፤ ዜሮ ከሆነ ቀድሞ ተረጋግጧል ወይም ጊዜው አልፏል።

የዚህ መንገድ ጥቅም በክፍያ ጊዜ ይበልጥ ይጎላል። ደንበኛው ወደ ክፍያ ገጽ ሄዶ ሲመለስ፣ መመለሻው ከሌላ ድረ ገጽ በፖስት (ፎርም በሚላክበት ዘዴ) የመጣ ከሆነ፣ ሴምሳይት ላክስ የተባለ፣ ከሌላ ድረ ገጽ ሲመጣ መላኩ የተገደበ ኩኪ አብሮ አይላክም። ያኔ ሴሽኑ ባዶ ይሆናል፣ ቴምፕዳታውም የለም፤ ደንበኛው ከፍሎ «እባክዎ ይግቡ» የሚል ገጽ ያገኛል። ረቂቁ በዳታቤዝ ካለ የክፍያ ማመሳከሪያ ቁጥሩ ብቻ ያገናኘዋል፤ መከፈሉን ግን በደንበኛው መመለስ ሳይሆን ከክፍያ ሰጪው ሰርቨር በቀጥታ በሚመጣ ማረጋገጫ እንመን።

ወጪው አንድ ሠንጠረዥና ጊዜ ያለፈባቸውን ረቂቆች በየሌሊቱ የሚጠርግ ትንሽ ሥራ ነው። ሬዲስ (ዳታን በሜሞሪ የሚይዝ ፈጣን ማከማቻ) ያለው ሰው በዚያ ላይ ዕድሜ ሰጥቶ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ጠራጊው ይቀርለታል። ለገንዘብ መዝገብ ግን ዳታቤዙን አልለቅም።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ሊለወጥ ይችላል? | ሊነበብ ይችላል? | መልሶ መጠቀም | ሁለት ታብ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በቀጥታ መጥራት | አይችልም | አይችልም | የለም | ችግር የለውም | የለም |
| ዩአርኤል፣ ስውር ቦታ | ይችላል | ይችላል | ክፍት ነው | ችግር የለውም | የለም |
| ፍላሽ፣ ቴምፕዳታ | አይችልም | እንደ ማስቀመጫው | አንዴ ይነበባል | ይጋጫል | ትንሽ |
| የሰርቨር ሴሽን | አይችልም | አይችልም | በሴሽኑ ዕድሜ | ይጋጫል | ትንሽ |
| የተፈረመ ቶክን | አይችልም | ይችላል | እስኪያበቃ ክፍት | ችግር የለውም | መካከለኛ |
| የተመሰጠረ ኩኪ | አይችልም | አይችልም | እስኪያበቃ ክፍት | ይጋጫል | ትንሽ |
| ረቂቅ በዳታቤዝ | አይችልም | አይችልም | ይዘጋል | ችግር የለውም | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ብቻ ያለው ሰው ረቂቅ ሠንጠረዡን ከመሥራት የሚከለክለው ነገር የለም፤ ዳታቤዙ ቀድሞ ተከፍሎበታል። ለመልእክት ፍላሽን ይጠቀም፣ ለማስያዣው ረቂቁን። ባለብዙ ገጽ ፎርም ያለውና ገንዘብ የማይነካ ሥራ፣ ለምሳሌ የአስተያየት መስጫ፣ በሴሽን ይበቃዋል፤ እያንዳንዱን ፎርም በራሱ የዘፈቀደ መለያ ሥር ካስቀመጠ ታቦቹም አይጋጩም።

ተጠቃሚው አካውንት ሳይከፍት የሚስተናገድበት ሥራ፣ ለምሳሌ ለእንግዳ በኢሜይል የሚላክ «ጉዞዎን ያረጋግጡ» የሚል ሊንክ፣ ለተፈረመ ቶክን የተመቸ ነው፤ ሊንኩ በሌላ ስልክ ቢከፈትም ይሠራል። በቶክኑ ውስጥ የረቂቁን መለያ፣ የተሰጠበትን አክሽንና የሚያበቃበትን ሰዓት ብቻ እናስገባ፤ ለማን እንደተሰጠ ረቂቁ ራሱ ይናገራል፤ ዋጋውን እዚያ ማስገባት አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ የገባ ተጠቃሚ ስለሌለ የባለቤትነቱን ፍተሻ የሚተካው ፊርማው ነው። ሁለት ሰርቨርና ከዚያ በላይ ያላቸው ቡድኖች ደግሞ ሴሽኑን ከሰርቨሮቹ ሜሞሪ አውጥተው ወደ ዳታቤዝ ወይም ወደ ሬዲስ ያዛውሩ፤ ቁልፎቹንም በአንድ ቦታ ያጋሩ።

እንደ ሆቴል መቀበያ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው የሚያገለግልበት ቦታ ካለ፣ ከረቂቅ መዝገብ ውጭ ሌላ አልመክርም። የባሕር ዳሩን ሲስተም ወደዚያ ከቀየርኩት በኋላ የመጀመሪያው ሙከራዬ አራት ታብ ከፍቶ አራት የተለያዩ መድረሻዎችን መሙላትና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሄዱ ማረጋገጥ ነበር፤ አንባቢም የራሱን ሲስተም ለደንበኛ ከመክፈቱ በፊት በዚሁ እንዲፈትነው እመክራለሁ።